ቴዎዶር ሴድጊክና ቢሮው የመጣችው ሴት

ክፍሏ ፎቅ ላይ ናት። ጠበብ ያለች ናት፤ ግድግዳዋ በእንጨት ተለብጧል። አስጎብኚያችን ሰነዱ የተረቀቀው እዚህ ነው ስትለን ሁሉም ሰው ግድግዳውን ማየት ጀመረ። የእኔ ዓይን የሄደው ወደ ደረጃው ነው። ለእንግዶቹ የሚጠጣ ነገር ይዛ በዚያ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ልትኖር የምትችለውን ሴት ነበር የማስበው።

ቤቱ የኮሎኔል ጆን አሽሊ ነው። የተሠራው በ1735 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሚገኘው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ስቴት ምዕራባዊ ጥግ፣ ሸፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከቦስተን በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። እኔን እዚያ ድረስ ያመጣኝ ግን ባለቤቱ አሽሊ አይደለም። ወዳጁ የነበረ ጠበቃ ነው። ቴዎዶር ሴድጊክ ይባላል።

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ሥራ ቦታ ነው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። አንድ ቀን ችሎት እስኪጀመር ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ጨዋታ አነሱልኝ። በዚህ አገር ደቡቡ ውስጥ ባርነት የቀረው በጦርነት ነው፤ እዚህ ማሳቹሴትስ ግን በክስ ነው የቀረው አሉኝ። በክስ? ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር አልተላቀቅኩም።

ሴድጊክ የተወለደው በ1746 ኮኔቲከት ውስጥ ነው። አባቱ ገና ልጅ ሳለ ነው የሞቱበት። ወንድሙ እየደገፈው ዬል ኮሌጅ ገባ፤ ግን ሳይጨርስ ወጣ። ሃይማኖት ሊማር ጀምሮ ነበር፤ ሐሳቡን ቀየረና ግሬት ባሪንግተን ከሚኖር ማርክ ሆፕኪንስ ከሚባል ጠበቃ ዘንድ ገብቶ ሕግ ተማረ። የዚያ ዘመን የሕግ ትምህርት እንዲህ ነበር። ተማሪው ጠበቃው ቢሮ ይቀመጣል፣ መጽሐፍ ያነባል፣ ሰነድ ይገለብጣል፣ ችሎት ይከታተላል። የቆሎ ተማሪ ከየኔታ ሥር ቁጭ ብሎ እንደሚማረው ማለት ነው። በ1766፣ 20 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ የጥብቅና ፈቃዱን አገኘ። ቀጥሎ ሸፊልድ ሄዶ ቢሮ ከፈተ።

በ1771 የመጀመሪያ ሚስቱ ኤሊዛ ሜሰን በፈንጣጣ ሞተች። በሽታው የተጋባባት ከእሱ ነው። እሱ ተረፈ። ስለዚህ ነገር ብዙ የተጻፈ አላገኘሁም፤ ግን ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ሳነብ ይህች ሞት ከአእምሮዬ አትወጣም።

እንግዲህ ያቺ የፎቅ ክፍል የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1773 መጀመሪያ የሸፊልድ ሰዎች በእንግሊዝ ፓርላማ ላይ ያላቸውን ቅሬታ የሚጽፍ ኮሚቴ አቋቋሙ። አሽሊ በኮሚቴው ውስጥ ዋነኛ ሰው ነበር። ብዕሩን የያዘው ግን የ26 ዓመቱ ሴድጊክ ነው ይባላል። የጻፉት ነገር እንዲህ የሚል ቃል አለበት፦ የሰው ልጆች በተፈጥሮ እኩል፣ ነጻና አንዱ ከሌላው የማይታሰር ናቸው፤ በሕይወታቸው፣ በነጻነታቸውና በንብረታቸው ያለ ምንም ረብሻ የመጠቀም መብት አላቸው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ መውጣቷን ያወጀችበት የነጻነት አዋጅ በፊላደልፊያ ከመውጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ያ ቃል በተጻፈበት ቤት ውስጥ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ቤት ትባል ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ስሟ ኤልሳቤጥ ከሚለው የወጣ ቁልምጫ ነው። በእኛ ፊደል ስጽፈው ግን "ቤት" ይሆናል። መጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ቀን እጄ ቆመ። የራሷ ቤት የሌላት፣ የሰው ቤት ስታገለግል የኖረች ሴት ስሟ ቤት ሲሆን። ኋላ የሴድጊክ ልጆች ማምቤት ይሏት ነበር፤ እማማ ቤት እንደማለት ነው። እኔም ከዚህ በኋላ ማምቤት ነው የምላት።

በ1744 አካባቢ በኒው ዮርክ፣ ክላቨራክ በምትባል ቦታ ሆገቡም የሚባል የደች ቤተሰብ ዘንድ እንደተወለደች ይታመናል። የዚያ ቤት ልጅ ሐና የአሽሊ ሚስት ነበረች፤ ማምቤትም ኋላ ወደ እነሱ ወደ ሸፊልድ መጣች። ሐና ቁጡ ነበረች። አንድ ቀን ሊዚ የምትባለውን ልጅ ልትመታ የምድጃ አካፋ ከነግለቱ አነሳች። ማምቤት መሀል ገብታ ምቱን በክንዷ ተቀበለች። ቁስሉ ክረምቱን ሙሉ አሰቃያት። ጠባሳውም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልጠፋም። ማምቤት ግን ቁስሉን አልሸፈነችውም። እንግዳ መጥቶ፣ እመቤቲቱ ባሉበት፣ ክንድሽ ምን ሆነ ሲላት መልሷ አንድ ብቻ ነበር፦ "እመቤቴን ጠይቁ።"

ይህን የምናውቀው የሴድጊክ ልጅ ካትሪን ስለጻፈችው ነው። ማምቤት ራሷ ማንበብም መጻፍም አትችልም ነበር።

በ1780 ማሳቹሴትስ የራሷን ሕገ መንግሥት አጸደቀች። የመጀመሪያው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ ነጻና እኩል ሆነው ይወለዳሉ ይላል። ማምቤት ይህን ነገር እንዴት እንደሰማች ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንደኛው፣ የነጻነት አዋጁ በሕዝብ ፊት ሲነበብ ሰማች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ወንዶቹ ማዕድ ላይ ስለ መብትና ስለ አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲከራከሩ እያስተናገደች ሰማች የሚል ነው። እንዴት አወቅሽ ብለው ሲጠይቋት ዝም ብዬ በማዳመጥ፣ ነገሩንም ልብ በማለት ብላ መለሰች ይባላል። ልባቸው የፈቀደውን ሁሉ ሲያወሩ፣ ከዚህ ውጪ የሆነ ሰው አለ ብለው ሲያወጡ አልሰማቻቸውም። ስለዚህ እኔም አለሁበት ብላ አሰበች።

እኔ ሁለተኛውን ወሬ ነው የማምነው። ምክንያቴ የራሴ ሥራ ነው። አስተርጓሚ ሆነሽ ክፍል ውስጥ ስትቀመጪ ሰዎች መኖርሽን ይረሱታል። ትልልቅ ሰዎች ወንበር እንዳለ ያህል እያዩሽ ያወራሉ። ምን ያህል እንደሚሰማ አያውቁም።

ካትሪን እንደጻፈችው ማምቤት የሴድጊክ ቢሮ ሄዳ እንዲህ አለችው፦ "ጌታዬ፣ ትናንት ያ ወረቀት ሲነበብ ሰማሁ። ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል፣ ሁሉም ነጻ የመሆን መብት አለው ይላል። እኔ አፍ የሌለኝ እንስሳ አይደለሁም። ሕጉ ነጻነቴን አይሰጠኝም?"

ሰውዬውን ልብ በሉት። ተከሳሽ የሚሆነው ጆን አሽሊ ነው። አብሮት ሰነድ ያረቀቀው፣ የአገሩ ትልቁ ባለ መሬት፣ ራሱም በፍርድ ወንበር የኖረ ሰው። በትንሽ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ላይ ክስ መመሥረት ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ከተማ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሴድጊክ ጉዳዩን ያዘ። ታፒንግ ሪቭን ደግሞ ከኮኔቲከት ጠራ፤ ይህ ሰው ኋላ በሊችፊልድ የሕግ ትምህርት ቤቱ ስሙ የገነነ ነው። ብሮም የሚባል፣ እሱም አሽሊ ዘንድ በባርነት የተያዘ ወንድ፣ ከማምቤት ጋር አብሮ ከሳሽ ሆነ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ባለሙያ ካልሆኑ ብዙ ሰዎች የሚያልፉት ነው። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ጠበቆቹ መጀመሪያ ያወጡት ትዕዛዝ ያለ አግባብ የተያዘ ንብረት ይመለስ የሚል ነበር። ላሟን ጎረቤት የወሰደባት ሴት የምታወጣው ዓይነት ትዕዛዝ ነው። አሽሊ እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የእኔ ናቸው ብሎ አልለቅም አለ። ነገሩ ወደ ችሎት ሄደ። አሽሊ ንብረቴ ናቸው ባለበት አፍ፣ ጠበቆቹ የንብረት ማስመለሻ ይዘው ሰዎቹን ለራሳቸው አስመለሷቸው። የመጀመሪያ ቀን ይህን ሳነብ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

ጉዳዩ በነሐሴ 1781 አካባቢ፣ በእነሱ ኦገስት ወር፣ ግሬት ባሪንግተን በሚገኘው ፍርድ ቤት ተሰማ። ክርክሩ ያው የሕገ መንግሥቱ ቃል ነው፦ ሁሉም ነጻና እኩል ሆኖ ከተወለደ ባርነት በዚህ ስቴት ቦታ የለውም። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝቡ ተመርጠው ለፍርድ የተቀመጡት ሰዎች፣ ለብሮምና ለማምቤት ፈረደ። አሽሊ 30 ሺሊንግ ካሳ እንዲከፍል፣ ወጪና ኪሣራም እንዲችል ተወሰነበት። አሽሊ ይግባኝ አለ። ከዚያ ይግባኙን ራሱ ተወው። በዚያው ጊዜ ኩዎክ ዎከር የሚባል ሰው ጉዳይ በሌላ የስቴቱ ክፍል ፍርድ ቤት እየዞረ ነበር፤ በ1783 ዋና ዳኛው ዊልያም ኩሺንግ ባርነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም ብለው ለጁሪው ነገሩ። በ1790 የመጀመሪያው የአገሪቱ ሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ማሳቹሴትስ በባርነት የተያዘ አንድም ሰው አላስመዘገበችም።

ማምቤት ስሟን ቀየረች። ኤልሳቤጥ ፍሪማን ሆነች። ፍሪማን ማለት ነጻ ሰው ማለት ነው። አሽሊ በደመወዝ ተመለሺ ብሎ ለመናት፤ እምቢ አለች። ሴድጊክ ቤት በደመወዝ መሥራትን መረጠች።

አንድ ጊዜ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችንን አስተርጉሜ ነበር። ለወራት ደመወዟን አልከፈሏትም። ጠበቃዋ ሕጉን ከፍቶ አነበበ፣ እኔ በአማርኛ ተረጎምኩ። አንገቷን ደፍታ ሰማች። ሲጨርስ ለእኔ ቀስ ብላ፣ "እህቴ፣ ይሄ የተጻፈው እኔንም ይጨምራል?" አለችኝ። መመለስ አልተፈቀደልኝም። ጥያቄዋን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ጠበቃው አዎ ሲላት ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። የሴድጊክን ቢሮ በዓይነ ህሊናዬ የማየው በእሷ ፊት በኩል ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሚቀጥለውን ብዙዎች አያወሩትም። እኔ ግን ሴድጊክን ስለምወደው መዝለል አልፈልግም። ማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ውስጥ የ1777 የሽያጭ ሰነድ አለ። ቶን የምትባል ጥቁር ሴት መሸጧን የሚገልጽ ነው። የገዢው ስም ቴዎዶር ሴድጊክ ነው። ልብ በሉ፣ ሰዎች ሁሉ እኩል ናቸው ከሚለው ሰነድ አራት ዓመት በኋላ። የማምቤት ክስ ሊደርስ አራት ዓመት ሲቀረው።

ይህን ሳውቅ ተናደድኩ። መጽሐፉን ዘግቼ ሳምንት ያህል አልተመለስኩበትም። ከዚያ ስመለስ የታየኝ ነገር ይሄ ነው፦ ቃሉን ሰውዬው ጽፎታል፤ ምን እንዳለ ያሳየችው ግን እሷ ናት። በ1773 ሲጽፈው ንጉሡን ነበር የሚያስበው። እሷ መጥታ ፊቱ እስክትቆም ድረስ ቃሉ ምን ያህል እንደሚሰፋ የገባው አይመስለኝም። ከገባው በኋላም ሁልጊዜ አልጸናም። በ1791 የፌዴራሉ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳለ ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎችን ስለ መመለስ ረቂቅ ሕግ ባቀረበው ኮሚቴ ውስጥ ነበር። ያ ረቂቅ አልጸደቀም። በ1793 የጸደቀው ሕግ ግን ብዙ ሰዎችን ወደ ሰንሰለት መለሰ።

የቀረውን የፖለቲካ ሕይወቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ራሱን የቻለ ረጅም ነገር ነው። በስቴቱ ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ነበር። በ1788 ማሳቹሴትስ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ስታጸድቅ በጉባዔው ተቀምጧል። ከ1789 ጀምሮ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ከ1796 እስከ 1799 ሴኔት፣ ከዚያም እንደገና ተወካዮች ምክር ቤት ገብቶ አፈ ጉባዔ ሆነ። ምክር ቤቱ በ1800 ከፊላደልፊያ ወደ ዋሽንግተን ሲዛወር መዶሻውን የያዘው እሱ ነው። ጠንካራ ፌዴራሊስት፣ ማለትም ብርቱ ማዕከላዊ መንግሥት ከሚፈልገው ፓርቲ ነበር፤ ተራው ሕዝብ መንግሥትን ሲዘልፍ አይወድም። በ1801 ቶማስ ጀፈርሰንና አሮን በር ለፕሬዚዳንትነት እኩል ድምፅ አምጥተው ምክር ቤቱ በ36ኛው ዙር ጀፈርሰንን ሲመርጥ፣ እሱ ከወንበሩ ሆኖ የጠላው ዘመን ሲገባ አየ። ከዚያ ፖለቲካውን ተወ። ከ1802 እስከ ሞተበት እስከ 1813 ድረስ የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር።

ከዳኝነቱ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። በ1810 ከአፍሪካ ጠረፍ የባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ የውል ክርክር ቀረበላቸው። አብላጫው ዳኞች ውሉ ይጸናል አሉ። ሴድጊክ የልዩነት ሐሳብ ጻፈ። እንዲህ ያለ ውል ከመሠረቱ ነውር ስለሆነ ፍርድ ቤት እጁን ሊያስገባበት አይገባም ባይ ነበር። ያን ጊዜ 64 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ማምቤት ቤቱ ከገባች 29 ዓመት ሆኗል። አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነው ብዬ በማስረጃ ልከራከር አልችልም። ግን ቤት ውስጥ አብሮ የኖረ ሰው ሰውን ይለውጣል፤ ይህን አምናለሁ።

ስለ ቤቱ ካነሳሁ ሁለተኛ ሚስቱን ፓሜላ ድዋይትን መተው አይሆንም። በ1774 ነው የተጋቡት። አሥር ልጆች ወለደች፤ ሰባቱ አደጉ። ባልየው ግን ፊላደልፊያ ነው። ኒው ዮርክ ነው። ቦስተን ነው። እሷ ኋላ ቤታቸው በሆነችው በስቶክብሪጅ ከተማ፣ ከልጆቿና ከረጅሙ የበረዶ ወራት ጋር። አእምሮዋ ታመመ። ጭንቀቷን እየጻፈች ትልክለት ነበር። እሱ በደብዳቤ አጽናናት፣ ሥልጣኑን ግን አልተወም። ሕመሙ ሲበረታባት ልታረጋጋት የምትችለው ማምቤት ነበረች። ልጆቹንም ያሳደገችው እሷ ናት። ፓሜላ በ1807 ሞተች። አገር የሠሩ ወንዶችን ታሪክ ሳነብ እንዲህ ያለ ቤት ደጋግሞ ያጋጥመኛል፤ ሁልጊዜም እዚያ ስደርስ ንባቤ ይዘገያል።

ሌላም ቀን አለ። በ1786 እና 1787 በዕዳ የተያዙ ገበሬዎች በዳንኤል ሼይስ ስም በሚታወቀው አመፅ ተነሱ። መሬታቸው በፍርድ ቤት እየተወሰደባቸው ነበርና ጠበቆችን አምርረው ጠሉ። ሴድጊክ ደግሞ አመፁን ከሚቃወሙት ግንባር ቀደሙ ነው። አመፀኞቹ ስቶክብሪጅ ያለውን ቤቱን ሊዘርፉ ሲመጡ እሱ አልነበረም። ማምቤት የቤተሰቡን የብር ዕቃ የራሷ ሣጥን ውስጥ ደበቀችው። ሣጥኑን ክፈቺ ሲሏት፣ እየናቃችሁኝ የእኔን ሣጥን ልትበረብሩ ነው ብላ አሳፈረቻቸው። ሳይከፍቱ ሄዱ። እነዚያን ገበሬዎች አልጠላቸውም፤ ብሶታቸው የእውነት ነበር። እሷ ግን ያን ቀን ቤቱን ብቻዋን ጠበቀች።

በስተርጅናዋ በገዛ ገንዘቧ ስቶክብሪጅ ውስጥ የራሷን ቤት ገዛች። አዋላጅና አስታማሚ ተብላ የተከበረች ነበረች። ስለ ነጻነት የተናገረችውን ካትሪን ጽፋዋለች፦ በባርነት በነበርኩበት ጊዜ የአንድ ደቂቃ ነጻነት ቢሰጡኝና ደቂቃዋ ስታልቅ ትሞቻለሽ ቢሉኝ እቀበል ነበር፤ አንድ ደቂቃ ብቻ በእግዚአብሔር ምድር ላይ ነጻ ሴት ሆኜ ለመቆም።

ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ ነበር። ስቶክብሪጅ መቃብር ቦታ ወሰድኳት። የሴድጊክ ቤተሰብ መቃብር ክብ ነው። ጠበቃው መሀል ተቀብሯል፤ ልጆችና የልጅ ልጆች እግራቸውን ወደ መሀል አድርገው ዙሪያውን ተኝተዋል። በትንሣኤ ቀን ሲነሱ መጀመሪያ ዘመዶቻቸውን እንዲያዩ ነው ይባላል። ካትሪን አጠገብ ማምቤት አለች። ቤተሰብ ሳትሆን ከቤተሰቡ ክብ ውስጥ ተቀብራለች። የሞተችው በ1829 ዲሴምበር 28 ነው።

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። "ምን ይላል ልጄ?" አለችኝ። ድንጋዩን እያየሁ ተረጎምኩላት። ባሪያ ሆና ተወለደች፣ 30 ዓመት ያህል በባርነት ኖረች። ማንበብም መጻፍም አትችልም ነበር፤ በሙያዋ ግን የሚበልጣትም የሚተካከላትም አልነበረም። አደራ በልታ አታውቅም።

"ጠበቃዋስ የቱ ጋ ነው?"

መሀል ያለውን ድንጋይ አሳየኋት። አየት አድርጋ ነፍስ ይማር አለችለት። ከዚያ ወደ ማምቤት ተመለሰች። እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች።

"የመጨረሻዋን ድገሚልኝ እስቲ።"

"ደግ እናት፣ ደህና ሁኚ" ብዬ አነበብኩላት።